የቄስ ያረጋል የታች ጥርሶች

በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጥርስ ክሊኒክ ሬዲዮው ድንገት ከፍ ካለ፣ ሐኪሞቹ ተጣልተዋል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ደንበኛ የለም። ሬዲዮውን የምትከፍተው ንግሥቴ ናት፤ ካርድ የምታወጣው፣ መሣሪያ የምትቀቅለው፣ መርፌ የሚፈራ ሰው ሲመጣም እጁን ይዛ የምታባብለው እሷው ናት። ዶክተር ወንዳወቅና ዶክተር ያምሮት የሚከራከሩት ከኋላ ባለችው የመሣሪያ ክፍል ገብተው፣ በሩን ዘግተው ነው። በሩ ግን ስስ ነው። ንግሥቴም ተራ ጠባቂው ጆሮውን ሲያቀና ስታይ፣ ሰው የመጣው ሊታከም እንጂ ሙግት ሊሰማ አይደለም ብላ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ትጠመዝዘዋለች። ያን ዓመት ዜናውንም መዝሙሩንም ሰፈሩ በሙሉ በነፃ ሰማ።

ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፣ እሱ ነቃይ ነው፤ እሷ ጠጋኝ።

ክሊኒኩ የዶክተር ወንዳወቅ ነው። ከብዙ ዘመን የመንግሥት ሥራ በኋላ ለፍቶ የከፈተው ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ በስሙ ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ይህን ያምሮት እንዳትረሳው በየጊዜው ያስታውሳታል። እሷ የቡሬ ልጅ ናት። ተምራ ስትመለስ ሌላው ሁሉ ልምድ የለሽም እያለ በር ሲዘጋባት፣ ወንበር ሰጥቶ ነገ ጀምሪ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ታከብረዋለች። ማክበር ግን ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም፤ ያምሮት ደግሞ ሲፈጥራትም እሺታ ይቸግራታል።

የእሱ ክርክር እንዲህ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ዛሬ ወንበርሽ ላይ አለ፣ ነገ የለም። ወይ እርሻ ይይዘዋል፣ ወይ ክረምት ይገባል፣ ወይ መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ደግሞ በዚህ ዘመን መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ተመላለስ የተባለ ገበሬ አንዴ መጥቶ ይቀራል፤ ከዚያ በግማሽ የታከመው ጥርሱ ያመረቅዝና ፊቱ እንደ ቅል አብጦ በቃሬዛ ይመጣል። ዶክተር ወንዳወቅ እንዲህ ያለ ፊት ብዙ አይቷል። ስለዚህ ንቀይለት፣ ይረፍ፣ በሰላም ወደ ቤቱ ይግባ ይላል። እሷ ደግሞ የከተማ ሰው ጥርስ ይዳን፣ የገበሬ ጥርስ ይነቀል የሚል ትምህርት አልተማርኩም ትላለች። ለዱርቤቴው እህል ነጋዴ መንጋጋ ሬዲዮው ከፍ ብሏል፤ ለጅጋዋ ተማሪ የፊት ጥርስም ከፍ ብሏል። አንዳንዴ እሱ ይረታል፣ አንዳንዴ እሷ።

ቄስ ያረጋል የመጡት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።

የቋሪት ሰው ናቸው፤ ደብራቸው ከገበዝ ማርያም ከተማ ወዲያ፣ ከወንዝ ማዶ ያለች አንዲት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ናት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽም አብረዋቸው መጥተዋል። ቄሱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ በነጠላቸው አፋቸውን እንደሸፈኑ ነበር፤ ያምሮት መጀመሪያ ሕመሙ የጠናባቸው መሰላት። ኋላ ግን አፋቸውን የሚሸፍኑት አፍረው እንደሆነ ገባት። የነጠላው ጫፍ ደም ነክቶታል።

የታች የፊት ጥርሶቻቸው ይነቃነቃሉ። ድዳቸው አብጧል፤ ሲነካ ይደማል፣ ሳይነካም ሲናገሩ ብቻ ይደማል። ሕመሙስ ይቻላል አሉ ቄሱ፤ እህል ማላመጡም እንደምንም ይቻላል። ያልተቻለው ሌላ ነው። ደም የሚፈስሰው ሰው መቅደስ አይገባምና ከኅዳር ወዲህ አልቀደሱም። ደብሯ ያሏት ቀሳውስት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና አንድ ሌላ አዛውንት። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ እሳቸው ሲቀሩ ቅዳሴውም ቀረ። ከጎረቤት ደብር ሰው ሲገኝ ይቀደሳል፤ ሲታጣ እሑዱም በዓሉም እንዲሁ ያልፋል። ክርስትና የሚነሣው ሕፃን ሳይቀር በእናቱ ጀርባ ወንዝ እየተሻገረ ሌላ ደብር ይሄዳል። ይህን ሁሉ የነገሯት ቀስ ብለው፣ በየመሀሉ አፋቸውን እየጠረጉ ነው። ዓቢይ ጾም እየተቃረበ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኗ ያን ሁሉ ጾም ያለ ቅዳሴ ልትከርም ነው።

"ንቀሉልኝ ልጄ፤" አሏት። "ጥርስ የሌለው ቄስ ይቀድሳል። አፉ የሚደማ ቄስ ነው የማይቀድሰው።"

ዶክተር ወንዳወቅ ይህን ከወዲያኛው ወንበር ሆኖ ሰማና መጣ። አፋቸውን አየ፤ አየና በቄሱ ሐሳብ ተስማማ። የታቹን እንነቅላለን፣ ቁስሉ ሲጠግ ሰው ሠራሽ ጥርስ እናስገባለን፣ ለፋሲካ አጥንት ይግጡበታል ብሎ አጫወታቸው። ለማሳያ የተቀመጠውንም ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመስታወቱ ውስጥ አውጥቶ አሳያቸው። ቄሱ በእጃቸው ሳይነኩት አዩት። ይወልቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ማታ ማታ ይወልቃል፣ ይታጠባል አላቸው።

"እንግዲያው ይቅርብኝ፤" አሉ ቄሱ። "ሥጋ ወደሙ በሚገባበት አፍ ውስጥ ወልቆ የሚታጠብ ነገር አላገባም። አንዲት ፍርፋሪ ቀርታበት ብትሆንስ? ድዴን ይዤ እኖራለሁ።"

ዶክተር ወንዳወቅ ዕቃውን መልሶ አስቀመጠው። በዚህ አልተከራከራቸውም።

ያምሮት እስከዚያ ድረስ የድዱን ጥልቀት በቀጭኗ መለኪያ አንድ በአንድ እየለካች፣ ያነሣችውን ራጅም ወደ መብራቱ እያስጠጋች ታይ ነበር። አጥንቱ ወርዷል፤ ግን አላለቀም። ጥርሶቹን የሚጥላቸው ከድዱ ሥር ተጋግሮ ድንጋይ የሆነው ቆሻሻ ነው። ድንጋዩ ቢነሣ፣ ሥሩ ቢጸዳ፣ የሚነቃነቁትም ጥርሶች ከኋላቸው በቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ቢታሰሩ ይጸናሉ፤ ደሙም ይቆማል። እርግጠኛ ነበረች። ዶክተር አንዴ ላናግርዎት አለች። ንግሥቴ ተነሥታ ወደ ሬዲዮው ሄደች።

"የጥርሱ ባለቤት ንቀሉልኝ እያሉ አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አላት በሩን ዘግቶ።

"ንቀሉልኝ ያሉት ሌላ መንገድ ያለ ስላልመሰላቸው ነው። የነገራቸው የለማ።"

የእሷ መንገድ መመላለስ እንደሚጠይቅ ነገራት። ዛሬ የመጡት እግዜር መንገዱን ከፍቶላቸው ነው፤ በሳምንቱስ? ሽቦው ቢላላ፣ የጀመርሽው ቢያመረቅዝ፣ ቄሱ ሌላ ዓመት ከመቅደስ ውጭ ቢቀመጡስ? ከተነቀለ ግን ቁስሉ ወዲያው ይደርቃል፤ ጾሙ ሲገባ ይቀድሳሉ፤ ይህ ቁርጥ ነው። እሷ የተነቀለ ጥርስ አይመለስም አለች። እሱ ያለፈ ጾምም አይመለስም አለ። እውነቱን ነበር፤ ያምሮትን ያንገበገባትም እውነቱን መሆኑ ነው። ድምፃቸው እየጋለ ሄደ። በመጨረሻ ሊለው የማይገባውን አለ።

"የማዳን ጉጉትሽን በሰው ቅዳሴ ላይ አትሞክሪው።"

ያምሮት ክው አለች። ጋዋኗን አውልቃ፣ በዚያው መናኸሪያ ገብታ ቡሬ እናቷ ቤት ልትሄድ ልቧ ተነሣ። አልሄደችም። ቄሱ ወንበሩ ላይ ናቸው። በእኔ እጅ አልነቅላቸውም፣ እርስዎ ይንቀሏቸው አለችው፤ እሱም ጓንቱን እያጠለቀ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ያምሮት እስከ ዛሬ አትረሳውም። መንቀያውን ከማንሣቱ በፊት ቄሱ አጠገብ ቆመና፣ አባ፣ እኔ የምለው ይህን ነው፣ ይህች ልጅ የምትለው ደግሞ ይህን ነው ብሎ ሁለቱንም ነገራቸው። የእሷን ሐሳብ የነገራቸው ሳያጣጥል፣ ሳያሳንስ፣ እሷ ራሷ ልትናገረው ከምትችለው አሳምሮ ነው። ጥርሶቹ የመትረፍ ዕድል እንዳላቸው ነገራቸው። መመላለሱንም አልደበቃቸውም። ሲቃወማት የኖረ ሰው እንዲህ አድርጎ ጠበቃ ሆኖ ሲቆምላት ስታይ፣ ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት።

ቄሱ ዞረው ባለቤታቸውን አዩ።

"ተመላለሱ ከተባለ የሚያመላልሳቸው ማን ነው? እኔ አይደለሁ?" አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። "አመጣቸዋለሁ።"

መንገድ ቢዘጋስ አላቸው ዶክተሩ። በቅሎ አለች አሉ። እሷ እንቢ ብትል እግር አለ። ዶክተር ወንዳወቅ ጓንቱን አወለቀና ለያምሮት ወንበሩን ለቀቀላት። እንግዲህ የአንቺ ናቸው፣ የጠፉ እንደሆነ ቋሪት ድረስ ሄደሽ ፈልገሽ የምታመጪያቸው አንቺ ነሽ አላት።

አልጠፉም። ወይዘሮ አልጣሽ ቃላቸውን ጠበቁ። ያምሮት ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት አነሣች፣ ሥሩን አጸዳች፣ ሽቦውን አሰረች። ለስላሳ ብሩሽ፣ የጥርስ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ የአፍ መጉመጥመጫ ሰጥታ፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ማታ ከእራት በኋላ ይቦርሹ፣ ይጉመጥመጡና ይትፉ አለቻቸው። እሺ ልጄ አሉ። በሌላው ቀጠሮ ስታያቸው ድዱ ሟሽሿል። ጾሙ ሊገባ ሲል ደግሞ ንጹሕ ጥጥ አስነከሰቻቸውና ስታወጣው፣ ነጭ ሆኖ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቄስ ያረጋል ጥጡን አዩት። ከወንበሩ ወርደው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩና ረጅም ማማተብ አማተቡ። ያምሮት የመሣሪያ ክፍል ገብታ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው። ዶክተር ወንዳወቅ በዚያ ሲያልፍ አያትና መልካም ነው ብሎ አለፈ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም።

ጾሙ ሲጋመስ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን፣ ንግሥቴ በሩን ከፍታ ያምሮትን በዓይኗ ጠራቻት። ቄስ ያረጋል ተራ መጠበቂያው ላይ ተቀምጠዋል፤ አፋቸው በነጠላ ተሸፍኗል። ያን ሳምንት መኪና አልነበረም፤ ወይዘሮ አልጣሽ ከፊሉን በበቅሎ፣ ከፊሉን በእግር አምጥተዋቸዋል። ድዱ እንደገና አብጧል፤ ደሙ ተመልሷል። ቄሱም ከመቅደስ ወጥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኗም በጾሙ መካከል ተዘግታለች።

ያምሮት ዓይኗን በቄሱ ፊት ላይ ማሳረፍ አቃታት። ያ "በሰው ቅዳሴ ላይ አትሞክሪው" የተባለችው ነገር ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ሰበብ አልፈለገችም፤ ዶክተር ወንዳወቅ ዘንድ ሄዳ፣ ልክ ነበሩ፣ ዛሬውኑ እነቅላቸዋለሁ አለችው። መንቀያውንም ከሣጥኑ አወጣች።

ቆይ አላት እሱ። ቁጭ ብሎ ቀጭኗን መለኪያ አነሣና የቄሱን ድድ አንድ በአንድ ለካው። ራጁን አስነሥቶ ከፊተኛው ጋር ጎን ለጎን አስተያየው። ከዚያ ተነሣና ወደ መሣሪያ ክፍሉ በአገጩ ጠቆማት። ንግሥቴ ግራ እየገባት ሬዲዮውን ያዘች።

"አትነቅይም፤" አላት።

ያምሮት የሚሳለቅባት መሰላት። ንቀይ ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ አለችው።

"ያኔ ነው። አሁን ለካሁት። ጥልቀቱ በግማሽ ቀንሷል፤ ጥርሶቹ ቆመዋል። ያበጠው ላይ ላዩ ነው። ሥራሽ ሠርቷል ያምሮት፤ ያልሠራ ሌላ ነገር አለ። እሱን ሳናውቅ አንነቅልም።"

አሁን ደግሞ እሷ በጄ አላለችም። መንገድ ተዘግቶ እያለ ስንት ጊዜ ይመላለሱ? ሽማግሌ ሰው በበቅሎ አንከራትቼ የቀረውንም ጾም ላስመልጣቸው? ነቅዬ ልገላግላቸው አለች። እሱ ደግሞ የተነቀለ ጥርስ አይመለስም አላት። በሩ ላይ ቆሞ የሚሰማቸው ሰው ቢኖር ተደናግሮ ይሞት ነበር፤ የእሱ ቃል በእሷ አፍ፣ የእሷ ቃል በእሱ አፍ ነበር። የተጣሉትም ከፊተኛው ባላነሰ ነው። ልዩነቱ ይህን ጊዜ እሱ አልተቆጣም። ተቆጥታ እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ አንድ ነገር ልጠይቃቸው፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ብሎ ወጣ።

ዝቅ ያለችውን በርጩማ ስቦ ከቄሱ አጠገብ ተቀመጠ። ይቦርሻሉ ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም፤ ያንን እሷ ጠይቃ እግዜር ይመስገን ተብላለች። እሱ የጠየቀው በጾሙ ወራት ቀኑን እንዴት እንደሚውሉ ነው፤ ከእንቅልፍዎ ከሚነሡበት ጀምረው ይንገሩኝ አላቸው። ቄሱ ነገሩት። ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ከማታው ጀምሮ ውሃ በአፋቸው አይዞርም። ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀድሰው፣ ቆርበው፣ ሲመሽ እህል ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ይተኛሉ። በማግሥቱም እንዲሁ ነው፤ ጾሙን ሙሉ እንዲሁ ነው።

"ከቆረቡ በኋላ ይተፋሉ?" አላቸው።

ቄሱ ቀና ብለው አዩት። "ሥጋ ወደሙ ተቀብዬ ልተፋ?"

ወይዘሮ አልጣሽ ከሙዳያቸው ውስጥ መጉመጥመጫውን አወጡ። ጾሙ ከገባ ወዲህ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም። ያምሮት ፊቷ ጋለ። እሷም እኮ ጾም የምትጾም ልጅ ናት፤ ሲቆረብም ስታይ ነው ያደገችው። በዓቢይ ጾም ለቀዳሽ ቄስ ከቁርስ በኋላ ቦርሸው ይትፉ ብላ ማዘዝ ምን የሚሉት ሞኝነት ነው? ቄሱ የትኛውን ቁርስ ይበሉ? ከጾሙ በፊት ያዳናቸው ትእዛዝ ጾሙ ሲገባ የማይፈጸም ሆነ፤ እሷም አላሰበችው፣ ማንም አልነገራት። ለምን አልነገሩኝም አባ አለቻቸው።

"እንዲያ በፍቅር ያዘዝሽልኝን፣ እንዴት አይሆንም ብዬ ላሳፍርሽ?" አሉ ቄሱ።

ጎጃሜ ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ሐኪሙን ከሚያሳፍር ድዱ ቢደማ ይመርጣል። ዶክተር ወንዳወቅ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። እሱ በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ አገልግሏል፤ ይህን ያምሮት የሰማችው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከየት እንዳመጣው ገባት። ሳሙናውንም መጉመጥመጫውንም ለጾሙ ተዉት አላቸው። ብሩሹና ውሃው ይበቃል። ማታ እህል ከቀመሱ በኋላ ድዱን በቀስታ፣ በደንብ ይቦርሹ፤ በንጹሕ ውሃ ይጉመጥመጡ፤ ከዚያ አይትፉት፣ ይዋጡት። መጉመጥመጫው ሳይቀድሱ ለሚውሉበት ቀን ይቆይ።

ቄሱ ብዙ አሰቡ።

"ከእህል በኋላ የሚጠጣ ውሃ ነው፤" አሉ በመጨረሻ። "ውሃ እንዳልጠጣ ማን ከለከለኝ?"

ያምሮት መንቀያውን ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ድዱን እንደገና አጸዳች፤ የላላውን ሽቦ አጠበቀች፤ አቦራረሹንም ለወይዘሮ አልጣሽ ጭምር አሳየቻቸው። ሲመሽ ክሊኒኩ ሲዘጋ ዶክተር ወንዳወቅን አመሰገነችው። ዛሬ ባይከለክሉኝ ኖሮ ነቅዬ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር አለችው። እሱ ምስጋና ሲቀበል የሚገባበት ይጠፋዋል፤ መብራቱን ያጠፋል፣ መልሶ ያበራዋል። ያኔ አንቺ ባትከለክይኝ ዛሬ የምከለክልሽ ጥርስ ባልኖረ አላት። በሩን ሲቆልፍም፣ በሰው ቅዳሴ አትሞክሪ ያልኩሽን እርሺልኝ አለ። ረሳችለት ማለት ሐሰት ነው፤ ይቅር አለችው፤ ያም ይሻላል።

ደሙ ከሆሣዕና በፊት ቆመ። ቄስ ያረጋል ፋሲካን ቀደሱ። ሁለቱንም ሐኪሞች ለሰኔ ሚካኤል ደብራቸው ድረስ ጠሯቸው፤ ንግሥቴ ክሊኒክ ጠባቂ ሆና ቀረች። ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር፣ ተመስገን ነው። ከገበዝ ማርያም ወዲያ ያለውን በእግር ሄዱት፤ ዶክተር ወንዳወቅ በየዳገቱ እያረፈ፣ ቄሱን በበቅሎ ያመላለሰች ሴት ናት ከእኛ ሁሉ የምትበልጠው እያለ።

ያምሮት በሴቶች በኩል ቆማ አስቀደሰች። ከመጋረጃው ወዲያ የቄስ ያረጋል ድምፅ መጣ። በነጠላ ያልታፈነ፣ በየመሀሉ ለመጠረግ የማይቆም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። አጠገቧ ሕፃን ያዘሉ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ክርስትና የተነሣው እዚሁ፣ ወንዝ ሳይሻገር ነው። ያምሮት ጥርስ ስትማር ይህ ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ወይዘሮ አልጣሽን አመሰገነች፤ ከወዲያ በወንዶች በኩል ጋቢውን ተከናንቦ የቆመውን ያን ነገረኛ አለቃዋንም አመሰገነች።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር ለጸበል ጸዲቅ ተቀመጠ። ቄስ ያረጋል መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና ዝም አሰኙ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ተዘግታ የነበረችው በእኔ አፍ ደም ነበር፤ የተከፈተችው ደግሞ እግዚአብሔር ይህን ሰው ስለላከልኝ ነው ብለው እጃቸውን ወደ ዶክተር ወንዳወቅ ዘረጉ። ከአፌ እንዳይነቀል አድርጎ ጥርሴን ያዳነልኝ፣ ከቅዳሴዬ ያስታረቀኝ እሱ ነው አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ያምሮት አብራ አጨበጨበች፤ ግን ያን ሁሉ ድንጋይ ያነሣችው፣ ያን ሽቦ ያሰረችው እሷ ናት። ሰው ናትና ከፋት።

ዶክተር ወንዳወቅ ከተቀመጠበት ተነሣ። ብዙ ሰው ፊት መናገር አይወድም፤ ጋቢውን ሁለት ጊዜ አስተካከለ።

"አባ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ አይደለሁም፤" አለ። "እኔ ልነቅልዎት ጓንት አጥልቄ ነበር። እንቢ ብላ፣ ተጣልታኝ ያስጣለችዎት እቺ ናት። እጁም የእሷ ነው፤ ሥራውም የእሷ ነው። እልልታውን ለእሷ መልሱልኝ።"

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ያምሮትን አያት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ስሙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰው፣ ተሳስቼ ነበር ብሎ ቆመላት። ዝም ብላ መቀበል ትችል ነበር፤ አላስቻላትም፤ ተነሣች።

"እውነታቸውን ነው፤ ግማሹን ነው የነገሯችሁ ግን፤" አለች። "በደብረ ዘይት እኔ ራሴ ልነቅላቸው መንቀያ አውጥቼ ነበር። ተጣልተውኝ ያስጣሏቸው ዶክተር ናቸው።"

ቄስ ያረጋል መስቀላቸውን እንደያዙ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። "ታዲያ ጥርሴን ማን ነው ያዳነልኝ?" አሉ።

"ሁለቱም ሊነቅሉ ኖሯል እኮ!" አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ፤ ሲስቁ የታች ጥርሶቻቸው አንድም ሳይጎድሉ ታዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሁለቱን ጎን ለጎን አቆሟቸውና መስቀሉን በራሳቸው ላይ ዘረጉ።

"እንግዲያው ጠባችሁን ይባርክላችሁ፤" አሉ። "ለመንቀል በአንድ ቀን አያስማማችሁ።"

ሕዝቡ አሜን አለ። ያምሮትም እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች አሜን አለች። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን ያለው ግን ዶክተር ወንዳወቅ ነበር።